ቆርጣ ያወራችው ቀልድ

ሰው በገዛ ሳቁ ያፍራል? እሷ አፈረች። ያውም እንዲህ እንደዋዛ አይደለም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እስክትመኝ ድረስ።

ሥራዋ የኮምፒውተር አንጎል የሚባለውን ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩን፣ መንደፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ቡድን ነበር። እሷ ያለችበት የላይኛው ፎቅ «ቺፕ ብዙ ትዕዛዝ ይወቅ፤ በአንድ ቃል ትልቅ ሥራ ይጨርስ» ባይ ነው። የታችኛው ደግሞ «ጥቂት ቀላል ትዕዛዝ ይበቃዋል፤ እነሱን ቶሎ ቶሎ ይፈጽም፤ ኤሌክትሪክም አይብላ» ይላል። ለወደፊቱ የሚመረጠው አንዱ ብቻ ነው። የላይኛው ፎቅ አለቃ ደግሞ አጎቷ ናቸው፤ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም።

እሷ ታዲያ ሰው ጠፍቶ ከታችኛው ፎቅ ወደደች! «ቆጣቢው» ይሉታል፤ ትዕዛዝም ቃልም ስለሚቆጥብ። የተዋወቁት የጋራው የሙከራ ክፍል ውስጥ፣ የእሷን ቺፕ በጣቱ ነክቶ ሲቃጠል ነው።

«ውይ ይቅርታ! ይሞቃል» አለችው።

«አየሁት» አለ ጣቱን እየነፋ።

ከዚያ ወዲያ በየሰበቡ ይገናኙ ጀመር።

«የኔ ቺፕ እኔኑ ነው የሚመስለው» አላት አንድ ቀን። «‹ውሃ አምጣ› ቢሉት አይገባውም። ‹ተነስ፣ ሂድ፣ ብርጭቆ አንሳ፣ ቅዳ፣ ተመለስ› መባል አለበት።»

በሳቅ ፍርስ አለች።

«ቆይ እንጂ! አንድ በአንድ ከነገሩት ግን የሚቀድመው የለም። እኔስ ብሆን? ‹እወድሻለሁ› እስክልሽ፣ መጀመሪያ ‹ደህና አደርሽ› ማለት መልመድ ነበረብኝ።»

አጎቷ ግን ነገሩ ሸቷቸዋል። እራት ላይ «ያ የታችኛው ፎቅ ልጅ ምንሽ ነው?» አሏት። ክው አለች።

«ኧረ ምኔም አይደለም ጋሼ! እሱን ብሎ ሰው!» ብላ ቀልዱን አወራችላቸው። «ቆይ እንጂ» እስካለበት ድረስ ብቻ፤ የቀረውን ዋጠችው። አጎቷ እስኪያነቡ ሳቁ፤ እሷም ተገላገልኩ አለች።

የምርጫው ስብሰባ ዕለት ቆጣቢው ገለጻውን ጨርሶ ሲቀመጥ አጎቷ ብድግ አሉ። «ይሄ የናንተ ቺፕ፣ ውሃ አምጣ ቢሉት...» ቃል በቃል ደገሙት። ተሰብሳቢው አውካካ። እሷም ሳቀች፤ አጎቷ እያዩዋት ነበራ!

ቆጣቢው ዞሮ አያት። አልተቆጣም። አያትና ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ምን ነካኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አጠገቧ የተቀመጠችው ባልደረባዋ «አለቃችን ሲቀልዱ አይጣል ነው!» ብላ በክርኗ ስትጎስማት ጭራሽ ባሰባት።

«ጋሼ» አለች ብድግ ብላ። ሥራ ቦታ እንዲህ ጠርታቸው አታውቅም። «ቀልዱን የነገርኩዎት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ቆርጬ። ያ ቺፕ አንድ በአንድ ከነገሩት የሚቀድመው የለም። የኛው ቺፕ ግን እጅ ያቃጥላል። ደግሞም... ምኔም አይደለም ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

አጎቷ መነጽራቸውን አወለቁ። የላይኛው ፎቅ ቺፕ ግን ተመረጠ።

ቆጣቢውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፈርኩ» አለችው።

«እኔም አፍሬያለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አድርገህ?»

ወረቀቶቹን አጠገቡ ወዳስቀመጠው ቦርሳ ከተተ። «ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ያንቺን ፊት ፈለግኩ። ስትስቂ ሳይሽ... ደስ አለኝ። ስትስቂ ደስ ትይኛለሽ፤ ምን ላድርግ? ስንት ዓመት የለፋሁበት ሥራ መሳቂያ ሲሆን እኔ የማስበው ይሄን ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር አለ?»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቦርሳውን አነሳላትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ከላይ አጎቷ ሲጠሯት ተሰማ።

«እዚህ ነኝ ጋሼ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ከሱ ጋር ነኝ!»

አልተነሳችም።