ያልጠፋው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ባለሙያው ኦሊያድ ማክሰኞ ጠዋት አምስት ሰዓት ላይ በሚሠራበት ቢሮ የፋይል ክፍል ውስጥ መሰላል ሥር ሞቶ ተገኘ። ከኋላ በብረት ተመትቷል፤ እጁ ላይ አንድ የድሮ የመንጌ ወረዳ ካርታ ነበር። ኢንስፔክተር ሸዋሉል አሶሳ ወዳለው የቅየሳ ድርጅት ስትደርስ ዘበኛው ዱጋሳ በካቴና ታስሯል። ትናንት ከሟቹ ጋር በሞተር ማቆሚያ ተጣልቶ «ታገኛታለህ» ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው።

«እኔ አልነካም። ዋቃ ያውቃል» አለ ዱጋሳ። «ልጆች ሦስት አለኝ።»

ሸዋሉል ሰው ሁሉ ዘንድ ዞረች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፣ ስለ መብራት ይመልሱላታል።

«መብራት ሁለት ሰዓት ጠፋ፣ ሦስት ተኩል መጣ» አለች ጸሐፊዋ ሂባ። «ከዚያ ወዲህ ኦሊያድን እየጠበቅኩ ነበር። ወላሂ፣ ስረግመው ነው የዋልኩት።»

«ለምን ትጠብቂዋለሽ?»

«የጋራ ፎልደሩን እንዲያገናኝልኝ ነዋ! ኮምፒውተሩ ሲነሳ በራሱ መያያዝ ነበረበት፤ ዓመት ሙሉ እምቢ አለው። መብራት በጠፋ ቁጥር በየጠረጴዛው እየዞረ የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጽፋል። ለማንም አይነግርም። ሲጽፍ እንኳ ፊታችሁን አዙሩ ይለናል።»

የሂባ ፎልደር ላይ አለመገናኘቱን የሚያሳይ ቀይ ምልክት ነበር። የሥራ አስኪያጁም ላይ እንዲሁ።

ቀያሹ ምንያህል ግን የመንጌን ካርታ ከፍቶ ይሠራል። «ኦሊያድን ዛሬ በዓይኔ አላየሁትም» አለ። ሸዋሉል ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። ካርታው በጋራ ፎልደሩ ውስጥ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተቀምጧል።

«ማን አገናኘልዎት?»

«የእኔ... ሲነሳ በራሱ ይገናኛል።»

ዱጋሳ ሳይቀር ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ምንያህል፣ ያጥፉትና ያስነሱት። በራሱ ከተገናኘ ይቅርታ ጠይቄዎት ዱጋሳን ፍርድ ቤት አደርሰዋለሁ።»

«ያላስቀመጥኩት ሥራ አለ።»

ሸዋሉል እጇን ሰደደችና አስቀመጠችለት። «ይኸው። አሁን ያጥፉት።»

ምንያህል መዳፉን ማጥፊያው ላይ ጋርዶ ቆመ።

«እንግዲያው እኔ ልናገር» አለች። «የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ኦሊያድ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ከመጣ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እርስዎ ግን አላየሁትም አሉኝ። መያያዙን ሊሞክር ይህን ካርታ ከፈተ። ወርቅ የሚታጠብበትን ቦታ ድንበር እርስዎ ወንዙን አሻግረው እንደሣሉት አየ። አላመነም፤ ድንበሩ ከወንዙ ወዲህ የሆነበትን የድሮውን ካርታ ሊያወርድ መሰላል ወጣ። እርስዎም ተከተሉት። ተመልሰው ኮምፒውተሩን ያላጠፉት ሥራው ስላላለቀ ነው። አንዴ ከጠፋ ፎልደሩን የሚያገናኝልዎት ሰው የለም፤ ገድለውታል።»

ምንያህል መዳፉን ከማጥፊያው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

ሸዋሉል የዱጋሳን ካቴና ራሷ ፈታች። ሽማግሌው ዘበኛ እጁን እያሻሸ፣ «ልጆች ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው፣ ልሂድ?» አለ። ሂድ አለችው።

ሂባ ብቻ ከቦታዋ አልተነሳችም።

«ዓመት ሙሉ አንተ ምን ዓይነት ባለሙያ ነህ እያልኩ ሳበሽቀው ነበር» አለች። «ዛሬ ፎልደሩ በራሱ ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ኦሊያድ እዚህ ክፍል አይገባም ነበር።»