ያልተጠየቁት የሞጣ ሰዎች

የምርጫ ተመራማሪው ዶክተር ሣህለ ማርያም፣ ቢቸና ከተማ በተከራዩት ቤት፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር ሞተው የተገኙት በሐምሌ ወር፣ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። ኮማንደሩ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት ሲጣደፍ፣ ኢንስፔክተር እስከዳር የሟቹን ቀኝ እጅ ፈልቅቃ አየች። የተቀደደ የወረቀት ጥግ ጨብጠዋል፤ 47 የሚል ቁጥር ታትሞበታል።

ሟቹ የሚያጠኑት ሕዝቡ በምን ተነሥቶ እንደሚመርጥ ነበር። አብረዋቸው የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ ሹፌሩ ሐብታሙ፣ መልሶቹን ኮምፒውተር ላይ የምትመዘግበው ስርጉትና ሞጣ ላይ ቤት ለቤት እየዞረ መጠይቅ የሚያስሞላው ገብረ ክርስቶስ።

ሐብታሙ ያን ቀን አምበር ከተማ መኪና ሲያስጠግን፣ ስርጉትም ጤና ጣቢያ እናቷን ስታሳክም መዋላቸው ተረጋገጠ።

«ዶክተር ሰሞኑን ተበሳጭተው ነበር» አለች ስርጉት። «የሞጣ ሰው መልስ ለምን እንዲህ ተመሳሰለ ይሉ ነበር።»

ገብረ ክርስቶስ ግን የቅጾች ጥቅል አስረከበ። «ማክሰኞ ሞጣ ሠላሳ ሰው ሳነጋግር ዋልኩ። ይኸው፣ ቀኑ ተጽፎበታል።»

«ወደ ቢቸና ያመጣኸው ቅጽ የለም?»

«አንድም የለም። ሁሉም ሞጣ ከእኔ ጋር ነበሩ።»

ሁለት ቀን በከንቱ አለፈ። ኮማንደሩ «ዛሬውኑ ዝጊው» እያለ ይነዘንዛታል። እስከዳር በንዴት ቅጾቹን ይዛ ሞጣ ወረደች፤ በዝናብ ስድስት በር አንኳኳች። በቅጹ ላይ ሦስት ሰዓት ተሰልፈው እንደመረጡ የተጻፈላቸው ወይዘሮ ብሩክታይት በሩን ከፈቱላት።

«እማማ፣ ማክሰኞ ስለ ምርጫው የጠየቀዎት ሰው ነበር?»

«ማን ጠይቆኝ ልጄ። ቢጠይቁኝማ የምለው ነበረኝ።»

በቀሩት አምስት ቤቶችም መልሱ ያው ሆነ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ያየሁት የወረቀቱን ንጽሕና ነው» አለች። «በሐምሌ ጭቃ ቤት ለቤት የዞረ ቅጽ እንዲህ አይነጣም። ሞጣ ሄድኩ፤ የተጠየቀ ሰው አጣሁ። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ፣ ማክሰኞ ሞጣ ለመዋልህ ማስረጃ የለህም። ቅጾችህ ከ31 እስከ 60 ናቸው፤ 47 ብቻ ይጎድላል። ጥጉ የተገኘው ሟቹ እጅ ውስጥ ነው። ሁሉም ሞጣ ከነበሩ፣ እሱ እንዴት እዚህ ደረሰ?»

ገብረ ክርስቶስ ወንበር ላይ ተዘረፈጠ።

«የመጀመሪያውን ሳምንት በየበሩ አንኳኩቻለሁ» አለ። «ገሚሱ በር ዘጋብኝ፤ ገሚሱ የፈለግከውን ጻፍ አለኝ። ታከተኝና ጻፍኩ። ማክሰኞ ዶክተር ጥቅሉን ይዘህ ና አሉኝ። አንዱን መዝዘው አጋልጥሃለሁ ሲሉኝ ልነጥቃቸው ታገልኩ፤ ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልፈለግኩም።»

«ከወደቁ በኋላስ ሰው ጠራህ?»



በሳምንቱ ስርጉት የሞጣን መልሶች በሙሉ ሰረዘች፤ ሥልሳ ባዶ ቅጽ ይዛም አውቶቡስ ተሳፈረች። ሦስት በር ተዘጋባት። አራተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ቅጹንና እሷን አፈራርቀው ተመለከቱ።

«ግቢ» አሏት። «የምለውን ሁሉ የምትጽፊ ከሆነ ግን ነው።»