ያው ነው

መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ቀለሜ አንገቷን ደፋች። ስም አልጠሩም፤ ግን ከክፍሉ ውስጥ ተጨማሪ ወረቀት እየለመነ ሲጽፍ የነበረው አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ የማን እንደሆነ ሁሉም አውቋል።

«ይሄ ልጅ አጥንቷል» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ። «ስለ እንስሳት ሕዋስ የሚያውቀውን ሁሉ ጽፏል። ስለ ዕፅዋት ሕዋስም እንደዚሁ። ጥያቄው ግን አነጻጽሩ ነው የሚለው። በምን ይመሳሰላሉ፣ በምን ይለያያሉ የሚል አንድ መስመር የለም። ምን ልስጠው?»

ከኋላ አንዱ ለእጅ ጽሑፉ ይስጡት ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በቅጥነቱ ምክንያት ሽቦ የሚሉት የወረቀቱ ባለቤትም አብሮ ሳቀ። ወረቀቱን ሲቀበል ግን አጣጥፎ አጣጥፎ የክብሪት ቀፎ አሳከለውና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ቀለሜ አልሳቀችም። ጥፋቱ የሽቦ እንዳልሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ቀለሜ የሚሏት ከመጽሐፍ ላይ ስለማትነሳ ነው። መምህሩ ደከም ያለውን ተማሪ ከጎበዝ ጋር አጣምረው ማስጠናት ይወዳሉ፤ ሽቦ ለእሷ ደረሳት። ፈተናው ሊደርስ ሰሞን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው የድሮ ፈተና ሲያገላብጡ፣ አንዱ ጥያቄ «ግለጹ»፣ ሌላው «አብራሩ»፣ ሌላው ደግሞ «አነጻጽሩ» የሚለው ለምን እንደሆነ ጠየቃት። እሷም አስባው አታውቅም። ርዕሱን አይታ የመጣላትን መጻፍ ነው የለመደችው። ሆኖም «አላውቅም» ማለት ለቀለሜ ሞት ነው።

«ያው ነው» አለችው። «ርዕሱን ብቻ እይና የምታውቀውን ሁሉ ዘርግፈው።»

እሱም አመናት። የነገረችው ቀለሜ ናት፤ ለምን አያምን?

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው ይባል። እሷን የሚቆጠቁጣት ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። በፈተናው ዋዜማ ሌላ ነገር ልትጠይቅ መምህሩ ዘንድ ስትሄድ፣ ከርዕሱ በፊት ትእዛዙን አንብቢ አሏት። ግለጹ ሲል ምን እንደሚመስል ትናገሪያለሽ፤ አብራሩ ሲል ለምን እንደሆነ ምክንያቱን ትሰጫለሽ፤ አነጻጽሩ ሲል ሁለቱን ጎን ለጎን ታቆሚያቸዋለሽ። ከቢሯቸው ስትወጣ ሽቦ በሩ ላይ ኳስ ሲያነጥር አገኘችው። የቀረኝ ነገር አለ እንዴ ብሎ ጠየቃት። ተሳስቼ ነበር የሚለው ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። «አይዞህ፣ ምንም አልቀረህም» አለችው። በማግስቱ እሷ ጎን ለጎን አቁማ ጻፈችና ሙሉ ነጥብ ደፈነች።

ከክፍል ሲወጡ ሽቦ ጠበቃት። ለወደቁት ሰኞ የሚሰጠውን ድጋሚ ፈተና እንደማይፈተን ነገራት። ካልተፈተነ ክፍል ይደግማል፤ ከደገመ ደግሞ ትምህርቱን ትቶ እናቱ ልብስ ስፌት ቤት እንደሚገባ ከቆረጠ ቆይቷል።

«እንዲህ አጥንቼ ካልሆነልኝ፣ በቃ ጭንቅላቴ ነው ችግሩ» አለ። «አንቺማ ይመችሽ፣ የምትችይውን አድርገሻል።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ወደ ቤቷ ስትሄድ እንደሰሞኑ በስፌት ቤቱ በኩል ላለማለፍ በጀርባ መንገድ ዞረች። ቀሚሷ ግን አብሯት ነው። ዩኒፎርሟ አጥሮባት ሳለ የሽቦ እናት፣ ልጄን እያስጠናሽልኝ እንዴት አስከፍልሻለሁ ብለው የታጠፈውን ፈትተው በነጻ አስረዝመውላታል። ጠርዙ ላይ ፀሐይ ያላገኘው ጨርቅ ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል፤ በተራመደች ቁጥር ጉልበቷን ይነካታል። ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰው ሲያያት የረሳችው ነገር ያለ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች።

እናትየው ከስፌት መኪናው ቀና ብለው ወንበር ላይ ያለውን ጨርቅ አነሱላት። ሽቦ ከኋላ ሱሪ ይተኩሳል።

«ነይ ቁጭ በይ የኔ ልጅ። አደከመሽ አይደል? ምን ላድርገው፣ በአባቱ ወጥቶ ነው» አሉ እየሳቁ።

«እትዬ፣ እሱ ምንም አላጠፋም» አለች ቀለሜ። አልተቀመጠችም። «የተሳሳተ ነገር ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ከፈተናው በፊት ትክክለኛውን አውቄ ነበር። አልነገርኩትም።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ።

«በሩ ላይ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?» አለ ሽቦ።

«አዎ።»

ካውያውን አቆመው። ፊቱ ላይ ያ የለመደችው ሳቅ የለም። ወደ እሷ ሳያይ፣ ትክክለኛው ታዲያ ምንድነው አለ። ቀለሜ ከተተኮሱት ሱሪዎች ሁለቱን አንስታ መስቀያው ላይ ጎን ለጎን ሰቀለች። ማነጻጸር ማለት ወገቡን ከወገቡ፣ ኪሱን ከኪሱ ማስተያየት እንደሆነ አሳየችው። ግለጹ ሲል ሱሪው ምን እንደሚመስል ነው። አብራሩ ሲል ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደተሰፋ።

ሽቦ ሱሪዎቹን ሲያይ ቆየ።

«አንቺ ያደረግሽውን ነግረሽኛል» አለ። «ለምን እንዳደረግሽው ግን አላብራራሽም።»

ቀለሜ የቀሚሷን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

«አላውቅም ማለት አፍሬ ነበር» አለች። «በኋላ ደግሞ ተሳስቻለሁ ማለት አፈርኩ። አንተ ከምትስቅብኝ አንተ ላይ እንዲሳቅ መረጥኩ።»

እናትየው ጨርቃቸውን መልሰው ያዙ፤ መኪናው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ሽቦ ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ኪሱ ገብቶ ያን የክብሪት ቀፎ የሚያክል ወረቀት አወጣ፣ እጥፉን አንድ በአንድ ፈታ፣ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ከዚያ ካውያውን አንስቶ ቀስ እያለ ተኮሰው። ቀለሜ ወንበሩን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።