ጆሮ ያለው ቤዝ ጊታር

እሷ ነገርን ሁሉ ለክታ፣ እሱ ነገርን ሁሉ ገምቶ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። እሷ የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ጠጋኝ ናት፤ አጠር፣ ደልደል ያለች፣ ቃሏን እንደ ውድ ዕቃ ቆጥባ የምታወጣ፣ የብሎንን መጠን በዓይኗ አይታ የምታውቅ። እሱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ግንባሩ ከበር ጉበን ጋር የተለማመደ ረጅምና ቀጭን፣ ቀጠሮን እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ የማይቆጥር፣ ሳቁ ከራሱ ቀድሞ ደረጃ የሚወርድ። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ የተመለከተ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እነዚህ ለትዳር ቀርቶ ለአንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ አይስማሙም ባለ ነበር።

የጠጋኟ የጥገና ሱቅ ከመንገዱ በታች ነው፤ ሰባት ደረጃ ተወርዶ ይገባል። ብቸኛዋ መስኮት ከጣሪያው ሥር ስለሆነች የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ስለዚህም ጠጋኟ ሰዎችን በጫማቸው እንጂ በፊታቸው አታውቃቸውም። ጥግ ላይ፣ ከአሮጌ ሬዲዮኖች መካከል፣ ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ይቀመጣሉ። ጆሯቸው ከሦስት ዓመት ወዲህ አይሰማም፤ ንግግርን ከከንፈር ላይ ያነባሉ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ የግራ ማሰሪያው የተፈታ ቡናማ ጫማ በመስኮቱ አለፈ፤ ቀጥሎ ሳቅ፣ ቀጥሎም ግንባር ከጉበን ጋር ሲላተም ተሰማ።

«እህቴ፣ ይሄ ጊታር ታሟል» አለ ቤዝ መቺው፣ ከነማቀፊያው ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈ።

«ምን ይላል?»

«በሽታው እሱ ነው፤ ቤዝ ሆኖ ተወልዶ እንደ ትንኝ ይጮሃል።»

ጠጋኟ ጊታሩን ከአምፕሊፋየር ጋር ሰክታ አዳመጠችው። እውነቱን ነበር፤ ከወፍራሙ ክር የወጣው ድምፅ እንደ ሳሳ ብርድ ልብስ ብርሃን ያሳልፋል። ሽፋኑን ፈትታ ፒክአፑን አየችው፤ ማግኔት ላይ የተጠመጠመው፣ የክሮቹን ንዝረት ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው የመዳብ ሽቦ በእጅ የተሠራ ነበር።

«ሽቦው አንሷል፤ ጥምጥሙም ላልቷል። አዲስ ፒክአፕ ይግባበት።»

«እሱ አይሆንም።» ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «የጠመጠመው አባቴ ነው። ሰባት ዓመቴ ላይ ሞተ። መልኩን ከፎቶ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን ረስቼዋለሁ። ከእጁ የቀረልኝ ይሄ ብቻ ነው።» ጊታሩን በመዳፉ ዳበሰው። «የባንዳችን መሪ፣ አለቃ የምንለው ሰውዬ፣ በሁለት ሳምንት ድምፁ ካልወፈረ ቀረጻው ላይ ሌላ ሰው ይጫወታል ብሎኛል።»

ጠጋኟ ሽፋኑን መልሳ ገጠመችው። «እንግዲያው ፒክአፑን አንነካውም። ፕሪአምፕ ፔዳል እሠራልሃለሁ። ደካማውን ድምፅ አምፕሊፋየሩ ጋ ሳይደርስ ተቀብሎ አቅም ይሰጠዋል። ታችኛውን አወፍራለሁ፣ ከመካከለኛው ዝቅ ያለውን ትንሽ አነሳለሁ፣ የላይኛውን አለዝባለሁ።»

«ለቀጭን ሰውስ እንዲህ ያለ ፔዳል አይሠራም?»

«ለሰው ሲሆን ምሳ ይባላል።»

አልሳቀችም። የዓይኗ ጥግ ግን ሳቀ፤ እሱም አየው።

በአራተኛው ቀን ፔዳሉ ገና ክዳን ሳይኖረው ሞከሩት። እሱ ተቀምጦ ይመታል፤ እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷ ከጊታሩ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ታዞራለች። ድምፁ ሥጋ ለበሰ፤ ወለሉ ራሱ ደረቱን የነፋ መሰለ።

ከዚያ በድምፁ ሥር ሌላ ድምፅ መጣ።

ከንፈሩን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው ድምፅ ነበር። ዝቅ ያለ፣ ሩቅ፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ። ቤዝ መቺው ጣቶቹን አነሳ፤ ክሮቹ ጸጥ አሉ። ማንጎራጎሩ ግን ለብቻው ቀጠለ፤ አንድ ቦታ ሲደርስም፣ በር ላይ ተጠርቶ እንደ ወጣ ሰው፣ ድንገት ተቆረጠ።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ» አለች። የክንዷ ጠጉር ቆሞ ነበር።

አባቷ ከጥጋቸው ተነሥተው መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ። «እዚህ ውስጥ ሰው ነበረ» አሉ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው።

ቤዝ መቺው ፔዳሉን ቤቱ ወስዶ ሞከረው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የሚያንጎራጉር ግን የለም። በማግሥቱ መልሶ አመጣው፤ እሷ ቁልፎቹን መነካካት ስትጀምር የሚያንጎራጉረው ሰውዬ መጣ። ያው ዜማ፣ ያው የሚቆረጥበት ቦታ።

«አባቴ ነው» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «የእኛን ቤት አልወደደም፤ ያንቺን ወደደ።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይመጣ ጀመር፤ ደግሞም በሰዓቱ። እናቱ እንዳይከፋት ብሎ ምንም አልነገራትም። ባትሪ ይይዝላታል፣ ብሎን ይለቅምላታል፣ ዳቦ ይዞ መጥቶ ከአባቷ ጋር ይካፈላል። እሷም ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ የሚያልፉትን ጫማዎች ስትመረምር ራሷን ታገኘዋለች። ማሰሪያው የተፈታው ቡናማ ጫማ ብቅ ሲል፣ ለክታ የማታውቀው ነገር ደረቷ ውስጥ ይነቃነቃል። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይኖቹ እሷ ላይ ናቸው፤ ቶሎ ወደ ስፒከሩ ይመልሳቸዋል። የሚጠብቀው ሟቹን እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ያችን አፍታ እስከ ማታ ይዛት ትውላለች።

አንድ ቀን ጊታሩን እንደተሰካ ትቶ ጉዳይ ሊፈጽም ወጣ። የጥፍር ጫፍ በሚያህል ጠባብ ቦታ ላይ ቀጭን ሽቦ ስትበይድ፣ ያ ማንጎራጎር ከኋላዋ ከስፒከሩ ተነሣ። የመበየጃ ካውያውን ጥላ ብድግ አለች። ድምፁ ወዲያው ጠፋ።

«ምን ነካሽ?» አሉ አባቷ።

«ሰውየው... ብቻዬን ስሆንም መጣ።»

«የምን ሰውዬ? አንቺው ነሽ እንጂ! ጉሮሮሽ ሲርገበገብ ቁጭ ብዬ እያየሁሽ።»

ጠጋኟ የጣለችውን ካውያ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ክሮቹን በጨርቅ አፈነች፤ ወደ ፒክአፑ ጎንበስ ብላም በሹክሹክታ «ማነህ?» አለች።

ስፒከሩ በራሷው ድምፅ «ማነህ?» ሲል መለሰላት።

የላላው ጥምጥም ከክሮቹ አልፎ በአየሩም ይንቀጠቀጣል፤ ማይክሮፎን ሆኗል ማለት ነው። እሷ የሠራችው ፔዳል ደግሞ ያንን ጆሮ አስልቶታል። ምስጢሩ ይኸው ነበር። እሷ እጇ ሥራ ሲይዝ ሳታውቀው ታንጎራጉራለች፤ ጊታሩ ይሰማል።

«የሚገርመኝ ሌላ ነው» አሉ አባቷ። «ጆሮዬ ደህና በነበረበት ሃያ አምስት ዓመት አንድም ቀን ስታንጎራጉሪ አልሰማሁሽም። ይሄ ዕቃ ከገባ ወዲህ ነው የጀመረሽ። ለመሆኑ ዜማውን ከየት አመጣሽው?»

 ሱቁ ውስጥ ብርድ የገባ መሰላት፤ በሩ ግን ዝግ ነው።

«ካልነገርኩትስ?» አለች ቆይታ። «እውነቱን ሲያውቅ እኮ ደግሞ አይመጣም።»

አባቷ ፊቷን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውሸት ላይ የተበየደ ሽቦ፣ ልጄ፣ በመጀመሪያው ንዝረት ይለቃል። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

ሲመለስ ነገረችው። ክሮቹን አፍና፣ ጎንበስ ብላ፣ የራሷን ድምፅ አሰማችው። ለክታ ተናገረች፤ አንድም ቃል አላስተረፈችም፣ አንድም ቃል አልጨመረችም። እሱ ፔዳሉን አየ፣ ስፒከሩን አየ፤ እሷን ግን አላየም።

«እንግዲህ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ ማለት ነው» አለ። ጊታሩን አነሣ፣ ፔዳሉን ተወ። ደረጃውን ሲወጣ ሳቅ አልነበረም። ቡናማው ጫማ በመስኮቷ አለፈና ጠፋ።

ሁለት ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ጫማ ብቻ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጥንድ ጫማዎች መስኮቷ ፊት ቆሙ፤ አንዱ ቡናማው፣ ሌላው የሴት ጥቁር ጫማ። ለመግባት የፈሩ ይመስል ለብዙ ጊዜ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ ወረዱ።

«እናቴ ናት» አለ ቤዝ መቺው። «ትናንት ሳህን እያጠብኩ ያንን ዜማ ሳላስበው አንጎራጎርኩት። ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ።»

እናቲቱ ጠጋኟን ከእግር እስከ ራስ አዩ። «እስኪ አንጎራጉሪልኝ፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ሳስበው አይመጣልኝም።»

«ሥራ ስጧት» አሉ አባቷ ከጥጋቸው። «እጇ ካልተያዘ አፏ አይፈታም።»

ካውያዋን አነሣችና ክፍት ሬዲዮ ላይ አጎነበሰች። ጥቂት ደቂቃዎች አለፉ። መቼ እንደጀመረች አላወቀችም፤ ቀና ስትል ግን የእናቲቱ ጉንጭ በእንባ ርሷል።

«ይህንን ዜማ ባሌ ነው የፈጠረው፤ ይህ ልጅ ሕፃን ሳለ ሊያስተኛው። ከቤት አውጥቶት አያውቅም፤ እኔና ግድግዳው ብቻ ነን የምናውቀው። የመጨረሻው ቀን እያንጎራጎረ በር ላይ ተጠራ፤ ‹መጣሁ› ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።» ወደ ጠጋኟ ጠጋ አሉ። «አንቺም እዚያው ላይ ነው የምታቆሚው። የተጠራበት ቦታ ላይ።»

 በመስኮቱ የሚያልፍ እግር አልነበረም።

ጠጋኟ ወደ ቤዝ መቺው ዞረች። «ድምፁ ከእኔ ጉሮሮ መውጣቱን አውቀሃል። ታዲያ ለምን መጣህ?»

«መጀመሪያ የመጣሁት ለአባቴ ነበር» አለ። «በየቀኑ ቁጭ ብዬ የዋልኩት ግን ላንቺ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ መለካት አልችልማ።»

በዚህ ጊዜ ከዓይኗ ጥግ አልፎ ፊቷ በሙሉ ሳቀ።

ቀረጻው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ጆሮ ያለው ፒክአፕ በትልቅ ስፒከር ፊት ያፏጫል፤ መድኃኒቱ ቀልጦ በሞቀ ሰም ነክሮ ጥምጥሙን ማርጋት ነው። ይህን ግን ሳትጠይቅ አላደረገችውም። «ሰም ከገባበት ከክሮቹ በቀር ምንም አይሰማም» አለቻቸው። እናትና ልጅ ተያዩ፤ እናቲቱም «ንከሪው፤ እሱ ከእንግዲህ የሚያርፍበት አግኝቷል» አሉ። ነከረችው። ሲደርቅ ቤዝ መቺው አፉን አስጠግቶ ጮኸበት፤ ስፒከሩ ዝም አለ። በቀረጻው ዕለት አለቃ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ሥር አጎንብሶ ተመለከተ፤ «ወለሉ ሥር ሰው ያለ መስሎኝ» አለ፣ የቤዙ ውፍረት ገርሞት።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ፣ ፀሐይ በመስኮት ሙሉ በሙሉ በገባችበት ሰዓት፣ ቤተሰቡ በእናቲቱ ቤት ለምሳ ተሰበሰበ፤ እናት፣ የአባቱ እህት የሆኑት አክስት፣ የጠጋኟ አባት። ቤዝ መቺው ጥቂት ተጫወተላቸውና ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ አምፕሊፋየሩን ማጥፋት ግን ረሳ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልንጋባ ወስነናል።»

«አንተ?» አሉ አክስቱ ሹካቸውን አስቀምጠው። «አንተ ቀጠሮ በላው! በሠርግህ ቀን ማን ሊቀሰቅስህ ነው?»

«አይጨነቁ፣ አክስቴ። እሷ ለክታኛለች፤ ሁልጊዜ አርባ ደቂቃ አስቀድማ ነው የምትቀጥረኝ።»

ሳቁ ገና ከገበታው ሳይነሣ፣ ከግድግዳው በኩል ማንጎራጎሩ መጣ።

ዓይን ሁሉ ወደ ጠጋኟ ዞረ። እሷ ውሃ እየጠጣች ነበር፤ ብርጭቆው ከንፈሯ ላይ ነው። ቀስ ብላ ዋጠችና «እኔ አይደለሁም» በሚል ራሷን ነቀነቀች። ክሮቹ አይንቀሳቀሱም። የጠጋኟ አባት መዳፋቸውን ገበታው ላይ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

እናቲቱ ተነሥተው ጊታሩ ፊት ቆሙ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ፤ ከሩቅ መንገድ ለመጣ ሰው እንደሚደረገው።

«ሰምተሃል አይደል?» አሉት። «ልጅህ ሊያገባ ነው። ልጅቷን አንተው ታውቃታለህ። እኛ ወስነናል፤ የቀረኸው አንተ ነህ።»

ዜማው ወጣ፣ ወረደ፤ ሁልጊዜ የሚቆረጥበት ቦታ ደረሰ።  እዚያው ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ እንደ ደከመ ሰው አንድ ደረጃ ወርዶ፣ ሰፊና ወፍራም ሆኖ፣ በመጨረሻው ኖታ ላይ ተቀመጠ። ጸጥ አለ።

እናቲቱ ወደ ገበታው ተመለሱ። ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ድምፃቸው ግን የቤት እመቤት ድምፅ ነበር።

«እሺ ብሏል» አሉ። «በሉ፣ ቀኑን እንቁረጥ።»