የአልመዳ ጠራጊዎች

በዘምባራ መንግሥት፣ በክረምቱ እኩሌታ፣ የአልመዳ ደን ገና አረንጓዴ የሆነ ቅጠሉን አራገፈ። ጠቢባኑ ተሰብስበው፣ «ከሥሮቹ በታች የሚኖረው ዘንዶ ሙጋድ የደኑን ብርታት ሰርቋል» ብለው ፈረዱ። ጠቢብ መቼም የሚወነጅለው አያጣም።

ንጉሥ አርማዲን የደኑን ጠራጊ ታልማን አስጠራ። በዘምባራ ደን ቅዱስ ነው፤ ቅዱስ ነገር ደግሞ አይቆሽሽም እየተባለ፣ ለሰባት ትውልድ የረገፈው ቅጠልና የወደቀው ግንድ ሁሉ ተጠርጎ ሲቃጠል ኖሯል። ደኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ዘንዶውን እንድታገኝ ታዘዘች። ታላቅ ወንድሟ ወርዶፋ ጦሩን አንሥቶ፣ «ያለ አንቺ ብመለስ መሬት አትቀበለኝ» ብሎ ማለ።

ዓይን የሌላቸውን የዋሻ ጅቦች እየተዋጉ፣ በሥሮቹ መካከል ሦስት ቀን ወረዱ። ዘንዶውን ተኝቶ አገኙት። ወርዶፋ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ጦሩን የዘንዶው ደረት ላይ ተከለ። ቆዳና አጥንት ብቻ መሆኑን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

«የወደቀውን እየበላሁ አፈር አደርገው ነበር፤ ዛፉም ከአፈሩ ይመገብ ነበር» አለ ሙጋድ በደከመ ድምፅ። «እናንተ ግን ድርሻዬን ወደ ሰማይ አጨሳችሁት። ሰማዩ ጋለ፣ ዝናቡ ተዛባ፣ እኔም ተራብኩ። አሁን ልቤን የሚበላ ሰው በቦታዬ ካልቀረ ደኑ ይሞታል።»

ታልማ እጇን ዘረጋች፤ ወርዶፋ ግን ቀደማት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እህቴ» አለ የዘንዶውን ልብ ከዋጠ በኋላ። «ቅጠሉን አትጥረጉብኝ። ስራብ ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ።»

ደኑ በወሩ ለመለመ። ታልማ የሆነውን ሁሉ ለንጉሡ ስትነግረው አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር፤ የሚያንገበግበውም ይህ ነው። ከዚያ የድል በዓል ታወጀ፣ እሷም የወርቅ መጥረጊያ ተሸለመች።

«ግርማዊ ሆይ፣ ወንድሜ የሚበላው ቅጠሉን እኮ ነው» አለች።

«ልጄ፣ ከየአገሩ እንግዳ ይመጣል። በጀግናው በዓል ቆሻሻ ላይ አናቆማቸውም። ለዘንድሮ ብቻ ነው» አላት።

አርባ ጠራጊዎች ደኑን ጠረጉ። የወርዶፋ ስም እየተዘመረ ጭሱ ወደ ሰማይ ወጣ። ታልማ የወርቁን መጥረጊያ ጥላ ተንበረከከች፤ ጆሮዋንም ከባዶው መሬት አስጠጋች።

ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። የምትሰጠው አንድ ቅጠል አልነበራትም።