ሁለት የፊርማ ቦታዎች

ሩሀማ በክርክር ተሸንፋ አታውቅም። በስደት በምትኖርበት ኖርዝ ዮርክ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነርስ ናት፤ አለቆቿ እንኳ ይፈሯታል። ራጉኤልን ያገኘችውም ተናዳ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የዒላማ ተኩስ ክለብ ወስደዋት፣ ያስያዟት ትልቅ ጠመንጃ ትከሻዋን ሲደቃት፣ አጠገቧ የቆመው ሐበሻ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«በአንቺ አይደለም፤ መድፍ ባሸከሙሽ ሰዎች ነው» አለና ካርባይን የሚባለውን የራሱን ጠመንጃ አቀበላት። «ይቺ አጭር ናት፤ የምትጎርሰው የሽጉጥ ጥይት ነው። ብዙም አትመታሽም፣ ጥይቷም ርካሽ ነው። እንደ ሽጉጥ ደግሞ እጅሽ ላይ አትንቀጠቀጥም፤ ትከሻሽ ይደግፋታል። ሞክሪያት።»

ሞከረች። የብረት ዒላማው ጮኸ። ደስ ብሏት ዞር ስትል እሱ ዒላማውን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

ዓመት ከመንፈቅ ተዋደዱ። ሊያገባት ሲጠይቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑት አባቷ ጋሽ ክፍሌ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ጠመንጃ ላለበት ቤት ልጄን አልሰጥም።» ታላቅ ወንድማቸው ደጃፋቸው ላይ በጥይት ሲገደል አይተዋል።

ሩሀማ ነደዳት። «አባዬ፣ ስፖርት እኮ ነው! ጥይቷ ትንሽ፣ ሁሌም የተቆለፈባት፣ ጀማሪ እንኳ ሳይፈራ የሚለማመድባት። ኳስ ተጫዋች ላይ እንዲህ ትፈርዳለህ?»

«ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ፣ ልጄ» አሉ። «ግን ልጠይቅሽ መጥቼ እንዴት ልደር? እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ራጉኤል ይህን ሲሰማ «እሸጣታለሁ» አላት።

«ምን ሲባል ነው የምትሸጣት? ልክ የሆንነው እኛ ነን! አባዬ ዛሬ እሷን ካስጣለህ ነገ እኔን ያስጥልሃል።»

«ሩሂ፣ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው። ክርክሩን ተይው።»

«ወኔ ቢስ!»

ራጉኤል ኮቱን አንሥቶ ሄደ። እልኸኛ ሰው በገዛ እጁ ያፈረሰውን ቤት ሰው አፈረሰብኝ ይላል፤ እሷም ስምንት ወር ሙሉ አባቷን ስትከስ ከረመች።

በዘጠነኛው ወር ራጉኤል ዳንፎርዝ ካለ ካፌ ጠራት። ካርባይኗን አልሸጣትም፤ አትሽጣት ተብሏላ። የጠመንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ነበር፤ ቅጹ ደግሞ የፍቅር ወይም የትዳር አጋርን ፊርማ ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ለአሁኗ፣ ከሥሩ አንድ ቦታ ለቀድሞዋ። ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«የቱ ጋ ልፈርም?»

ብዕሩን አቀበላት። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

ዓይኗ ላይኛው ቦታ ላይ ቀረ። «እዚህ ፈርሚ» ይበለኝ ብላ ጠበቀች። እሱም ጠበቀ። አስተናጋጇ ሁለቴ መጥታ ሳትታዘዝ ተመለሰች። «ደግሞ ልለምነው እንዴ?» አለች ሩሀማ በሆዷ፤ ንዴቷ ቀደማትና ታችኛው ላይ ፈረመች።

ራጉኤል ፊርማውን አየው፣ አየው። «አመሰግናለሁ» ብሎ ቅጹን አጥፎ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከፈቃድ ሰጪው ቢሮ አንዲት ሴት ደወለች።

«ይህ ሰው ጠመንጃ ቢይዝ የሚያሰጋሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«አስፈራርቶሽ ያውቃል?»

«በጭራሽ። ክፉ ቃል እንኳ ወጥቶት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን ተለያያችሁ?»

«አባቴ» ልትል አፏን ከፈተች።

«በእኔ ጥፋት ነው» አለች በመጨረሻ።

ሴትየዋ አመስግና ዘጋች። ሩሀማ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም።