ዘጠኙ የማታ ክኒኖች

ሆዳን የአክስቷን የናፊሳን እጅ አፈፍ አደረገችው። ናፊሳ በቁራጭ ጨርቅ የጠቀለለችውን ነገር በጎረቤቷ በቢሻሮ መዳፍ ላይ ልታስቀምጥ ነበር።

«ምንድነው እሱ?»

«ቁልፍ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ» አለች ናፊሳ፣ ዓይኗን ከስፌት መኪናዋ ሳትነቅል።

ሆዳን ጨርቁን ፈታችው። ክኒን ነው። ደግሞም የትኛው ክኒን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ናፊሳ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ዓምና ነው። ዘንድሮ ለአንድ መድኃኒት ጥናት ተመርጣ፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ክኒን ትውጣለች። ሎሚ ያህል የነበረው እብጠት በአራት ወር ሽምብራ አክሏል። እሷም ሥራዋ ላይ ተመልሳ ከገበያው ሁሉ ጋር ስትሳደብና ስትስቅ ትውላለች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል፣ የዋጠችውን ክኒን በየቀኑ ደብተር ላይ የምትመዘግብላት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ የወንድሟ ልጅ ሆዳን ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ትመጣና «ትናንት ስንት?» ትላለች። «ሁለት» ትባላለች። «ሁለት» ብላ ትጽፋለች።

«ስንት ጊዜ ሰጠሻት?» አለች ሆዳን አክስቷን።

«ዘጠኝ» አለች ቢሻሮ በኩራት። ቢሻሮ ፊት ለፊት ቲማቲምና ሎሚ የምትሸጥ ሳቂታ ሴት ናት። እሷም የጡት ካንሰር አለባት። «ዘጠኝ ቀን ማታ ማታ ዋጥኩ፤ የዛሬው አሥረኛዬ ነበር።»

«ኤዶ!» ሆዳን አክስቷን በሶማልኛ ጠርታ ወደ እሷ ዞረች። «ማታ ማታ አንቺ ምን ትውጫለሽ ታዲያ?»

«ውሃ።»

ሁለቱ ሴቶች በሳቅ ተንከተከቱ።

«አቦ፣ አታፍጥጪብኝ!» አለች ናፊሳ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። አጠገቤ ያለችው እየታመመች እኔ ብቻዬን ስውጥ ጉሮሮዬ ይከፈታል?»

ሆዳን አልሳቀችም። «ኤዶ ቢሻሮ፣ በደም ሥርሽ የሚሰጡሽን መድኃኒትስ?»

«እሱን ተይው፣ ፀጉር ያረግፋል። የልጄ ሠርግ ደርሷል። የሙሽራ እናት ራሷ እንደ እንቁላል ተልጦ ልትገባ ነው? ናፊሳን እያት፣ ፀጉሯ እንዳለ ነው። ስለዚህ ያለፉትን ሁለት ሳምንታዊ ቀጠሮዎች ቀረሁ።»

ሆዳን ከአራት ወር በፊት ከአክስቷ ጋር ሐኪም ቤት ገብታ፣ ክኒኑ እንዴት እንደሚሠራ የጥናቱን ሐኪም ዶክተር ሃኒን እስኪገባት ድረስ ሦስት ጊዜ ጠይቃታለች። በርጩማውን ስባ በመካከላቸው ተቀመጠች።

«ስሙኝ። ሴሎቻችን ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል አለ። ሴሉ የሚታዘዘው በእሱ ነው። ታዲያ በየቀኑ ይቀደዳል፤ የሁላችንም። ካልተሰፋ ሴሉ ይሞታል።»

«እንደ ጨርቅ» አለች ናፊሳ።

«እንደ ጨርቅ። ለመስፋት ሁለት ነገር አለው በሉ፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የእጅ መርፌ። ያንቺ ካንሰር መኪናው ተሰብሮበታል። የሚኖረው በመርፌዋ ብቻ ነው። ክኒኑ መርፌዋን ይቀማዋል። በምን ይስፋ? ተበጣጥሶ ይሞታል። ጤነኛው ሰውነትሽ ግን መኪናው ስላለው፣ መርፌ ቢቀሙትም ይሰፋል።»

«እሰይ!» ቢሻሮ አጨበጨበች። «የእኔንም ይቀማልኛ!»

«ያንቺ ተመርምሮ የለ? ‹የናፊሳ ዓይነት አይደለም› እንዳሉሽ ራስሽ ነግረሽናል። ያንቺ ካንሰር መኪናው ደህና ነው። መርፌ ብትቀሚው ምን ገዶት? እየሰፋ ይኖራል። የሚገድለውን መድኃኒት ደግሞ አንቺ ትተሽለታል።»

የናፊሳ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። «የእኔስ?»

«ያንቺማ ቀን መርፌውን እየቀማሽ ማታ ትመልሺለታለሽ።»

ቢሻሮ ጡቷን ቁልቁል አየችው።

«አንተ ሌባ! ኪራይ ሳትከፍል ልብስ ስፌት ከፍተህብኛል?»

ናፊሳ ሳቋ አመለጣት፤ ሆዳንም አልቻለችም።

«ግን ፀጉሬ…» አለች ቢሻሮ ሳቁ ሲበርድላት።

«የወርቅ ጥለት ያለው ሻሽ እሰፋልሻለሁ» አለች ናፊሳ። « ሙሽራዋን ትተው አንቺን ነው የሚያዩት።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ። ግን ነገ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ። እምቢ ካልሽ ሻሹን ለሙሽራው እናት እሰጣታለሁ።»

«ለዚያች? ሞቼ ነው! በጠዋት መጥቼ እቀሰቅስሻለሁ» ብላ ቢሻሮ ወደ ቲማቲሟ ሄደች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ስለ ሻሿ ስትነግር ይሰማል።

ሆዳን ደብተሩን አወጣች። ዘጠኙ «ሁለት»ዎች በራሷ የእጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል።

«ያለፈውን ተይው» አለች ናፊሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱንም እውጣለሁ። ነገ ቀጠሮዬ ላይ የተረፈውን ክኒን ቢቆጥሩት ልክ ነው፣ ደብተሩም ልክ ነው። ማን ያውቃል?» ከዚያ ቀልዱ ሁሉ ከፊቷ ጠፋ። «ካወቁ ከጥናቱ ቢያስወጡኝስ፣ ሆዳንዬ?»

ያስወጧት አያስወጧት ሆዳን አታውቅም። የምታውቀው ሐኪሞቹ ይህን ደብተር አምነው፣ ወደፊት የምትታመም ሌላ ሴት ስንት እንደምትውጥ እንደሚወስኑ ነው። ነገ እብጠቱ አድጎ ቢገኝ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራም ይሉታል። ዶክተር ሃኒ ደብተሩን ስትሰጣት፣ «ስህተት ካለ አትፋቂ፤ አንድ መስመር አስምሪበትና እውነቱን አጠገቡ ጻፊ» ብላት ነበር።

እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?» አለች ናፊሳ፣ አንገቷን አስግጋ።

ሆዳን የፈለገችውን ብትል አክስቷ የምታውቅበት መንገድ የላትም።

«የመጀመሪያውን ‹ሁለት› ሰረዝኩት፣ ኤዶ። ‹አንድ› ብያለሁ።»

ናፊሳ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። በመጨረሻ በእግሯ ሌላ በርጩማ ወደ ጥላው ገፋችላት።

«ፀሐይ ላይ ሆነሽ አትጻፊ። ወደዚህ ጠጋ በይ።»

ሆዳን ጠጋ አለችና ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደች።